የጅሩው ተማሪ ጋቢ

ከጅሩ ወጥታችሁ ለማታውቁ፣ አንኮበርን በስሙ ብቻ ለምትሰሙ እህቶቼ ነው ይህን የጻፍኩት። ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ወንዝ ስንወርድም ማኅበር ስንቀመጥም «እስቲ ንገሪን» ትሉኛላችሁ። ስናገር እንባዬ ይቀድመኝና ግማሹን እውጠዋለሁ። በጽሑፍ ከሆነ ግን እንባን ጠርጎ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ምትኩ ዳዊት ሲደግም አጠገቡ ተቀምጬ እየፈተልኩ፣ ዓይኔንም ጆሮዬንም አውሼው ነው፤ ብሳሳት አትፍረዱብኝ።

ፈሪ ሴት መሆኔን ታውቃላችሁ። ከምትኩ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። እሱን ሲያነጥሰው እደነግጥ ነበር፤ ወንዝ ሲሻገር ዓይኔን እጨፍን ነበር። ሕፃን ሆኖ እንቅልፍ የሚወስደው የእንዝርቴን ድምፅ ሲሰማ ብቻ ነው። ራሱን ጉልበቴ አጠገብ ያደርግና እንዝርቱ ሲሽከረከር እያዳመጠ ይተኛል፤ ካቆምኩ ይነቃል። ስንቱን ልቃቂት የፈተልኩት ልብስ ፈልጌ ሳይሆን እሱ እንዲተኛ ብዬ ነው።

ያ ልጅ ጢሙ ሳያቀመቅም የቆሎ ተማሪ እሆናለሁ ብሎ፣ የፈተልኩለትን ጋቢ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ከደብር ደብር፣ ከመምህር መምህር፣ በየሰው ደጅ ለምኖ እየበላ ኖረ። መጀመሪያ መጀመሪያ ወሬው ይደርሰኝ ነበር፤ መንዝ ነው ያለ፣ ተጉለት ገባ፣ ቡልጋ ታየ ይሉኛል። ኋላ ወሬውም ጠፋ። ከትምህርቱ ይልቅ መንገዱን ወደደ መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት አዝመራው ገብቶ እንዳለቀ አንድ ጨው ነጋዴ እነዋሪ ገበያ ላይ፣ አንድ የጅሩ ተማሪ አንኮበር ውስጥ በንዳድ ሞቶ ተቀበረ ብሎ አወራ። ስሙን አያውቅም። ወሬው ከገበያ ተነስቶ እኔ ቤት እስኪደርስ ግን ሟቹ የኔ ልጅ ሆኖ ነበር። ሽማግሎቹ መጡ። ባሌ ልጁ ሞቶ ለቅሶ ያልተቀመጠ መባልን ፈራ። እኔ እንቢ አልኩ። የሰው ሞት የሚነገረው በመርዶ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ያየ ሰው ሲመሰክር። ገበያ መሐል የወደቀ ወሬ መርዶ አይደለም።

«ልጄን በወሬ አልቀብርም» አልኳቸው። «ሄጄ አያለሁ። ሞቶም ከሆነ አፈሩን ዳስሼ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ አልቅሱ።»

ባሌ «አንቺ? ውሻ ፈርተሽ ጎረቤት ለመሄድ ሰው የምታስጠሪው?» አለኝ። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ሲመሽ ግን ራሱ ሄዶ፣ ስንዴ በአህያ ጭኖ ደብረ ብርሃን የሚወጣውን ዘመዱን አያ ጎበናን ለመነልኝ። እስክመለስ ለቅሶው እንዲቆይም ሽማግሎቹን አስማማ።

ምትኩ ይመጣል ብዬ ዓመቱን ሙሉ የፈተልኩለት አዲስ ጋቢ ነበረኝ። እሱን አዘልኩ። እንዝርቴንና ጥቂት ባዘቶ በከረጢት ያዝኩ፤ እጄ ባዶ ሲሆን ልቤ ይብስበታልና።

ሰኞ ሳይነጋ ወጣን። የኛ አገር መሬት ጥቁርና ሜዳ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሄጄም ዞር ስል ባሕር ዛፋችን ይታየኛል፤ ያልሄድኩ ይመስለኝና እጽናናለሁ። ከዚያ አንድ ጉብታ ዞርን፣ ጠፋ። ያን ጊዜ እየቆምኩ ወደኋላ ማየት ያዝኩ። አያ ጎበና ቀልደኛ ሰው ነው። «እቴ ሙሽራ፣ ይቺን አህያ እያት፣ አሥር ቁና ስንዴ ጭና አንድ ቀን እንኳ ወደኋላዋ አታይም» ይለኛል። «እሷ ልጅ የላትም» ስለው «አላት እንጂ፤ ያቻት ከፊቷ የምትሄደው ናት» አለኝ። እሱ ለጨዋታ ያለውን እኔ መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው ሄድኩ።

ደነባን አልፈን መሸ። ነጋዴዎቹ ጭነታቸውን አራግፈው ከአህዮቹ ጋር ሜዳ ላይ ሊያድሩ ሆነ። አያ ጎበና አንድ ግቢ አሳየኝና፣ ደጁ ላይ ቆመሽ የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ በይ፣ ማንም አይመልስሽም አለኝ።

እህቶቼ፣ ይህን ቃል በቤታችሁ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል። እኔም ሰምቼ ስንቱን አስገብቼ እግር አጥቤአለሁ። ግን ለራሴ ልለው ደጁ ላይ ስቆም አፌ አልከፈት አለኝ። የነጠላዬን ጫፍ የማስተካክል መስዬ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ውሻው አገኘኝ። አዲሱን ጋቢ በራሴ ላይ ጠቅልዬ እንደ ጓያ ክምር ሆኜ ቀረሁ።

የቤቱ እመቤት እትዬ አስካለ እንጨት ይዛ ወጣች። ውሻውን ገሠጸችና «ማነሽ? አጥሬን የምትጠብቂልኝ?» አለችኝ።

«የለም፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው። አሁን እሄዳለሁ።»

«በዚህ ጨለማ ወዴት? አፍሽ ምን ሆነ? የእግዜር እንግዳ ነኝ በይና ግቢ።»

ካላልኩ የማታስገባኝ መስላ ቆማ ጠበቀችኝ። አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እሷ ግን «እሰይ፣ ይኸው ቀለለሽ» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ውሃ አሙቃ ገበቴ አቀረበችና እግሬን ልታጥብ ተንበረከከች። ከተዳርኩ ወዲህ እግሬን ሰው አጥቦልኝ አያውቅም። የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረበች፤ የነሱ ገብስ ከኛ ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ግን ጥሩ ነው። ለመጉረስ እጄን ስዘረጋ ግን ምትኩ ትዝ አለኝ። እኔ አንድ ማታ ያቃተኝን ቃል እሱ በየማታው ሲለው ኖሯል። ስንት ማታ አፉ እንቢ ብሎት አጥር ሥር አድሮ ይሆን? እግሩንስ ማን አጠበው?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ገባን። ብርዱ የኛን ብርድ አይመስልም፤ ነፋሱ አጥንት እየመረጠ የሚገባ ነው። ሰዉ ሁሉ ሱፍ ለብሷል፤ በየደጁ በርኖስና ባና ተሰጥቷል፤ መኪና ከዶሮ እኩል ያልፋል። አያ ጎበና ስንዴውን ሊያስረክብ ሄደና እኔ ማደሪያ እንድፈልግ ቀረሁ። ትናንት ስላፈርኩ ዛሬ ልደፍር ብዬ አንድ ባለ ቆርቆሮ ቤት ደጅ ላይ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» አልኩ።

አንዲት ሴት ብቅ አለችና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አልጋ ነው መደብ?» አለችኝ።

አልገባኝም። ደግሜ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኔን ነገርኳት። «እሱማ እኮ እዚህም ያድራል እናቴ፣ ግን መደብና አልጋ ዋጋው ይለያያል» አለች። ቤቱ ለካ ጠላ ቤት ነው፤ እንግዳ በክፍያ ያሳድራል። አያ ጎበና መጥቶ ሲሰማ እስኪተኛ ድረስ ሳቀብኝ። ሴትዮዋ ግን ክፉ አልነበረችም። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ከመደቡ አንስታ ምድጃው አጠገብ አስተኛችኝ፤ ጠዋትም የመደቡን እንጂ የምድጃውን ዋጋ አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ አያ ጎበና ወደ አንኮበር አቅጣጫ እህል የሚጭን ካሚዮን ፈልጎ ከጆንያው ላይ አወጣኝና ተሰናበተኝ። አህዮቹን እየነዳ ሲመለስ ሳየው የጅሩ ሰው የሚባል ከዓለም ያለቀ መሰለኝ። ካሚዮን ላልወጣችሁበት ልንገራችሁ፦ ሰው ቆሞ መሬቱ የሚሮጥ ነው የሚመስለው። ዓይኔን ጨፍኜ የጆንያ አንገት ጨብጬ ማርያምን እጠራለሁ። የሾፌሩ ረዳት «እማማ፣ ዓይንዎን ይግለጡ እንጂ፣ መኪናው በዓይንዎ አይደለም የሚሄደው» ይለኛል። ስገልጥ ገደል ነው፤ እመልሰዋለሁ።

ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ካሚዮኑ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሾፌሩ ሰደበው፣ ረዳቱ ድንጋይ ጎሰጎሰለት፣ እኛም ወርደን ገፋነው፤ ጭቃውን ፊታችን ላይ ተፋው እንጂ ንቅንቅ አላለም። የቸኮለ በእግሩ ይሂድ ተባለ። ከሁለት ባላገሮች ጋር ተጠግቼ ሄድኩ። ያ አገር ዛፍ የለውም፣ ሣርና ድንጋይ ነው፤ በጎቹ የለበሱት ፀጉር ከሰዉ ልብስ ይበልጣል። ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሲታጠፉ ብቻዬን ቀረሁ። ጉም እየመጣ ነበር። ጭስ ያየሁበት የድንጋይ ቤት ደጅ ስደርስ ውሻው ሳይቀድመኝ «የእግዚአብሔር እንግዳ!» ብዬ ጮህኩ፤ ውሻው ራሱ ደንግጦ ዝም አለ።

ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ባልና ሚስት። ቤታቸው ውስጥ ከበጎቹ ጋር ነው የሚታደረው፤ መጀመሪያ ሽታው ከበደኝ፣ ኋላ ግን ሙቀቱን ሳገኝ በግ ማለት ምድጃ ነው አልኩ። የተጠበሰ ድንችና አይብ ሰጡኝ። እኔም ባዘቶዬን አውጥቼ ለአሮጊቷ ፈተልኩላት፤ ባዶ እጄን መብላት ከብዶኝ ነው። ስለ ልጄ ስነግራቸው ሽማግሌው እሳቸውም በወጣትነታቸው ተማሪ ነኝ ብለው ወጥተው፣ ትምህርቱ ቀርቶ መንገድ ብቻ የተማሩ ሰው መሆናቸውን አጫወቱኝ። ያልረገጡት ደብር፣ ያልተሻገሩት ወንዝ የለም። ሰው በየቀኑ አዲስ ደጅ ሲያንኳኳ መጀመሪያ ያፍራል፣ ቀጥሎ ይለምዳል፣ በመጨረሻ የራሱ ደጅ ያስፈራዋል አሉኝ።

«ታዲያ አባቴ፣ እናትዎ ዘንድ ለምን አልገቡም?» አልኳቸው።

«ባያት እግሬ ይታሰራል ብዬ ፈራሁ። እናት ገመድ ናት ልጄ፤ ሲርቋት ነው የምትከርረው። እየራቅሁ እየከረረች፣ እየራቅሁ እየከረረች… ስመለስ የደጃችን ጽድ ብቻ ቆሞ አገኘሁት።»

ሚስታቸው «አትስሚያቸው፣ ዛሬም ከበጎቹ ጋር ካልዘጋሁባቸው ይሄዳሉ» አለች። ሳቅን። እሳቸው ግን እሳቱን እያዩ ቀሩ። እኔም የያዝኩት ክር በጣቴ መሐል ተበጠሰ።

ሐሙስ አንኮበር ደረስኩ። የነገሥታት ከተማ ነበር ሲሉኝ እነዋሪን አሥር እጥፍ የሚያክል አገር ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ጉም የሚወጣበትና የሚገባበት አገር ነው። ከጎኔ ያለው ዛፍ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ደወል ሰማሁና ድምፁን ተከትዬ ቤተ ክርስቲያኑን አገኘሁት።

አንድ ዲያቆን ቁልፍ ይዞ ሲወጣ እግሩ ላይ ወደቅኩ ማለት ይቻላል። ምትኩ ብዬ ብጠይቀው አያውቅም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ተማሪ በእናቱ ቤት ስም አይጠራም፣ በአገሩ ነው የሚጠራው ብሎ አስረዳኝ፤ መንዜው፣ ቡልጌው፣ ጅሩው። እሱ ራሱ እዚያ ደብር የተመደበው ንዳዱ ካለፈና ተማሪዎቹ ከተበተኑ በኋላ ነው። የሟቹን የክርስትና ስም የሚያውቁት የንስሐ አባቱ ነበሩ፣ እሳቸውም ወደ ገዳም ሄደዋል። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቃብሩን ግን አውቀዋለሁ። የጅሩው መቃብር ነው የሚሉት» አለኝ።

ከአጥሩ ጥግ፣ ከኮሶ ዛፍ ሥር ነው። ድንጋይ ተከምሮበታል፤ ድንጋዩ ሽበት የመሰለ ሻጋታ አብቅሏል። ሽማግሎቹን አፈሩን ዳስሼ እመጣለሁ ብያቸው ነበር፤ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ መጀመሪያ አልወጣልኝም። ዝም ብዬ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አስተካከልኩ፣ ቤት እንደሚጠርግ ሰው። ከዚያ በልጅነቱ እንደማደርገው እንዝርቴን አውጥቼ መፍተል ጀመርኩ። እንዝርቱ ሲሽከረከር ስሰማ ያን ጊዜ ለቅሶው መጣ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልጽፍላችሁም። ዲያቆኑ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ጉሙም ከድኖን ቆየ።

ደጀ ሰላሙ ውስጥ አሳደሩኝ። ዲያቆኑ ማለዳ መጥቶ፣ የሟቹ ጋቢ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ሐሊማ የምትባል እስላም ሴት ቤት እንዳለ ነገረኝ። የታመመው እዚያ ነው። የሟች ልብስ ካልተዘረጋ ለቅሶ ምኑን ለቅሶ ይሆናል ብሎ መንገዱን አሳየኝ።

ዓርብ ወረድኩ። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ እሳት። አንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ያለበት አገር አያለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ያን ወፍራም ጋቢ ተሸክሜ ላብ እየጠመቀኝ ስወርድ ግመል የሚነዱ ሰዎች እያዩኝ ይስቃሉ። አንዱ «ሴትዮ፣ ብርዱን ለገበያ ነው የምታወርጂው?» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ሐሊማ ደጇ ላይ ጥጥ ስትዳምጥ አገኘኋት። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ሥራዋን ጣለችና አቀፈችኝ፣ «ኢና ሊላህ» አለች፣ አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ እንግዳ መሆኔ ትዝ አላት። የነሱን ዕቃ እኛ እንደማንነካ ታውቃለችና ከግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አወረደች። ለክርስቲያን እንግዳ ብላ ለብቻዋ የምታስቀምጣት ናት። ሽምብራና ውሃ አቀረበችልኝ፣ ራሴ እንድቀቅል። «ጅሩዎቹም በዚህች ነበር የሚቀቅሉ» አለችኝ። ድስቷን ይዤ ቀረሁ እንጂ እሳት ላይ መጣዱ ጠፋኝ። «ጅሩዎቹ» ማለቷንም ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

ከዚያ ጋቢውን አመጣችው፤ አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ተቀብዬ ፊቴን ቀበርኩበት።

እጄ ነው ቀድሞ ያወቀው። ክሩ ወፍራም ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ይላላል፣ አንዳንዱ ቦታ ይቋጠራል። ዓይኗ የደከመ ሴት የፈተለችው ነው። ፊቴን አነሳሁ፣ ወደ ብርሃን አወጣሁት፣ በአውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መሐል አሸሁት። ዳሩን አየሁ፣ መሐሉን አየሁ።

«ይህ የኔ ፈትል አይደለም» አልኳት።

ሐሊማ ኀዘን ያነሆለለኝ መሰላት። ጀርባዬን እያሻሸች «የኔ እህት፣ ረጋ በይ» ትላለች። እኔ ግን ያዘልኩትን አዲሱን ጋቢ ፈትቼ ጉልበቷ ላይ ዘረጋሁላት። እሷም የጥጥ አገር ሴት ናት፤ ጫፉን ይዛ እንደኔው በጣቷ አሸችው። አሸችው፣ ደግማ አሸችው።

«ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አለች።

ከዚያ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፈው። ጅሩዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ አጭር፣ ተጫዋች። ሌላው ረጅም፣ ዝምተኛ። በአዝመራ ወራት እህል ሊለምኑ ቆላ ይወርዱና እሷ ጋ ያርፉ ነበር። ተጫዋቹን ንዳድ ያዘው። ላብ ያረጠበውን ጋቢውን አጥባ አሰጣችው። በማግስቱ ባሰበትና፣ ንስሐ አባቱ ዘንድ አድርሱኝ ብሎ ስለለመነ በቃሬዛ ሊያወጡት ሲሉ ጋቢው ገና እርጥብ ነበር። ረጅሙ የራሱን ጋቢ አውልቆ ጠቀለለው። ደጋ እየወጡ ነው፣ ይበርደዋል ብሎ። ልጁ ሌሊቱን እዚያው ላይ ሞተ፣ በዚያው ጋቢ ተገነዘ።

«ያረጀ ነበር፣ ያለቀ» አለች ሐሊማ፣ የኔን አዲስ ጋቢ እያሸች። «ፈትሉ ግን ይኸው ነው።»

ረጅሙ ቀብሮት ተመልሶ መጣ። ጥቂት ቀን አረፈ። እሷ ስትፈትል መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል፣ አይጫወት፣ አይሄድ። ሥራ ፈትተህ ምን ታያለህ ብትለው፣ «አላይም፣ ድምፁን ነው» አላት።

እኔ እዚህ ላይ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሐሊማ ውሃ ስትረጭብኝ ነው የማስታውሰው።

ስለኔ አንስቶ ያውቅ እንደሆን ጠየቅኋት። አንድ ቀን እናት አለችህ ወይ ብላው «አለችኝ፣ ፈሪ ናት» ብሎ ስቆ ነበር። ሂድና እያት እንጂ ብትለው፣ «ካየኋት መውጣት አልችልም» አላት። ከዚያ አንድ ማለዳ ወደ ይፋት በኩል ሄደ። ግሸን እወጣለሁ ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን አታውቅም።

«ያለ ጋቢ?» አልኳት። ደጋግሜ እሱን ብቻ ጠየቅኋት። «ያለ ጋቢ ሄደ?»

«ያንን የጓደኛህን ውሰድ ብዬው እንቢ አለ። እናቱ ትፈልገዋለች፣ አስቀምጪው አለኝ።»

እህቶቼ፣ ደስታ እንደዚያ ሲከብድ አይቼ አላውቅም። ልጄ አለ። ዘልዬ እልል ማለት እፈልጋለሁ፤ ጉልበቴ ላይ ግን የሌላዪቱ እናት ጋቢ ተዘርግቷል። ጅሩ ውስጥ የሆነ ቤት አንዲት ዓይኗ የደከመ ሴት ደጇን እያየች ትፈትላለች። ትናንት መቃብር ላይ ያፈሰስኩት እንባ የሷ ነበር። ደስታዬን ዋጥኩት፤ ሽምብራውን ቀቀልን፣ በዚያች ድስት።

ሲነጋ የሟቹን ጋቢ አዘልኩ፤ አዲሱን ለሐሊማ ሰጠኋትና ምናልባት በዚህ ከተመለሰ አልብሺው አልኳት። ይመለሳል ወይ ብዬም ጠየቅኋት፤ የሞኝ ጥያቄ ነው። «አላህ ያውቃል» አለች። «እኔ እንዝርቴን ይዤ ደጅ እቀመጣለሁ። የሰማ ይመጣል።»

መመለሻውን አላስረዝምባችሁም። ሽቅብ ስወጣ መቃብሩ ዘንድ ቆምኩ። አሁን ማን እንዳለበት ባላውቅም፣ ምን እንደለበሰ አውቅ ነበር። የሽማግሌዎቹም ቤት፣ የአስካለም ቤት አደርኩ፤ ደጅ ላይ ስቆም ቃሉ ሳልፈልገው ይመጣ ነበር። በየመንገዱ ዱላና አኮፋዳ የያዘ ልጅ ባየሁ ቁጥር ግን ልቤ ይሮጣል፣ ቀርቤ ሳየው ይመለሳል። የሚዞር ሰው እናት እንዲህ ናት፤ ቤቷ ተቀምጣም አብራ ትዞራለች።

ቤቴ ስደርስ ባሌ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ተነሳ፣ ግን ወደኔ አልመጣም። «አየሽው?» አለኝ።

«አላየሁትም።»

«ታዲያ?»

«ጋቢ የለውም» አልኩት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

የያዝኩትን ጋቢ ነገር ስነግረው ብዙ አሰበ። ገበያ ወስጄ የፈትል ተራ እንድቀመጥበት ተስማማን፤ የፈተለች ሴት እጇን ታውቃለችና። ግን አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። የሚያውቀው ሰው ከመጣ ገዝቼው ነው በይ፣ መንደሯን ብቻ ጠይቂ፣ መርዶውን እኛ በጎሕ፣ ዘመዶቿን ይዘን እናደርሳለን አለኝ። ልክ ነው። ሴትን ብቻዋን፣ በገበያ መሐል መርዶ አያረዷትም። ይህን እኔም ለሽማግሎቹ ተናግሬው ነበር።

በየገበያው ቀን እየሄድኩ ጋቢውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሰው ይጠይቃል፣ አይሸጥም እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ ሴትዮዋ ጋቢ ልታሞቅ ነው የምትመጣ ይላል። ባሌም አንድ ቀን ምናልባት እናቱ ሞታ ይሆናል አለኝ፤ እኔም ይህንኑ መመኘት ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሰው እየተበተነ ሳለ፣ አንዲት ሴት ልቃቂቷን ሳትሸጥ ስትመለስ አጠገቤ ቆመች። ዓይኗን አጥብባ ጎንበስ አለች። በአፍንጫዋ እስክትነካው ድረስ ጎንበስ አለች። ከዚያ ዓይኗን ትታ የጋቢውን ጫፍ ያዘች፤ በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መሐል አሸችው። ዳሩን። መሐሉን። የተቋጠረውን ቦታ።

«እህት ዓለም፣ ይህን ጋቢ ከየት አገኘሽው?» አለችኝ።

ያጠናሁት መልስ ነበረኝ። ገዝቼው ነው፤ መንደርሽ የት ነው? ይህን ብቻ ማለት ነበረብኝ። እጇ ግን ክሩን አልለቀቀም፤ ፊቷም ላይ እኔ ወደ አንኮበር ስሄድ የነበረብኝን ፍርሃት አየሁት። በዚህ ፍርሃት አንዲት ሌሊት ብቻዋን እንድታድር መስደድ አልቻልኩም። እንዝርቴን ከጎኔ አነሳሁና ቦታ ለቀቅኩላት።

«አጠገቤ ቁጭ በይ እህቴ» አልኳት። «ልጅሽን ብርድ አላገኘውም።»